በፈቃድ የሚፈስ ውሃ

«ባለሙያው እኔ ነኝ እንጂ፤ እሷማ ቆፋሪያችን ናት።»

ታናሽ ወንድሟ ይህን ያለው በስልክ ነው፤ ሳሎን ውስጥ፣ እግሩን አጣምሮ፣ ድምፁን እንደ ዜና አንባቢ አወፍሮ። እሷ ኩሽና ውስጥ አጎንብሳ የሥራ ጫማዋን ታስር ነበርና ቃሉ በሩን አልፎ ቀጥ ብሎ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ማሰሪያውን ጎትታ ከሚገባው በላይ አጠበቀችው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ የአትክልት ቦታ ባለው ግቢ ሁሉ ቱቦ ስትዘረጋ፣ መርጫ ስትገጥም፣ ሣር ስታጠጣ ኖራለች። ደንበኞቿ ስሟን እንኳ በወጉ አያውቁትም፤ «የውሃዋ ሴትዮ» ነው የሚሏት፤ ስልካቸው ላይም እንዲያ ብለው ነው የመዘገቧት። «መቆፈርማ ቆፍሬያለሁ» አለች በሆዷ፤ «ውሸት አልተናገረም።»

ከመንፈቅ በፊት የግቢና የመናፈሻ መስኖ የሚሠራ ሰው ሁሉ ሰልጥኖ፣ ተፈትኖ ፈቃድ ያውጣ የሚል መመሪያ ወጥቶ ነበር። የመጀመሪያው ዙር ሲጠራ እሷ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ስለነበረች፣ ከቤተሰቡ ጊዜ የተረፈው ወንድሟ ተላከ። ወንድሟ በትንሿ ድርጅታቸው ውስጥ ያለው ድርሻ መኪና መንዳትና ከደንበኛ ጋር መሳቅ ነው፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሲያይ የክፍሉን በር ዘግቶ የሚሄድ ሰው ነው። ዘጠና አንድ ከመቶ አመጣ። ፈቃዱ በወርቃማ ፍሬም ተሸልሞ ሳሎን ተሰቀለ፤ ለዚህ ታላቅ ክብር ሲባልም የሟች አባታቸው ፎቶግራፍ ወደ ኮሪደር፣ ከመብራት ቆጣሪው አጠገብ ተዛወረ። የእናታቸው ወንበር ከግድግዳው ፊት ለፊት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ባሏን ስታይበት በኖረችበት ቦታ ሁለት ወር ሙሉ የመሥሪያ ቤት ማህተም ስታይ ከረመች፤ አንድም ቀን ምንም አላለች።

«እትዬ፣ ሰማሽኝ እንዴ?» አለ ወንድሟ ወደ ኩሽና ብቅ ብሎ።

«ምኑን?»

«አይ... ለደንበኛ እንደዚያ ነው የሚባለው። ዛሬ ተፈትነሽ ፈቃድሽን ስትይዢ ሁሉም ይስተካከላል።»

«ይስተካከላል» አለች።

ከዚያ በኋላ ሦስቱ ሻይ ጠጡ። እናትየው ዳቦውን ለሦስት ቆርጣ ትልቁን ቁራጭ ወደ ሴት ልጇ ገፋ አደረገችላት። በዚያ ቤት ከዚህ የጠነከረ ፍርድ ተሰጥቶ አያውቅም።

ስልጠናው የሦስት ቀን ነው፤ ዛሬ ሦስተኛው። ክፍያው የሁለት ወር አስቤዛ ይሸፍናል፤ በምትኩም ሰልጣኙ አንድ ማስታወሻ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና ላዩ ላይ «እያንዳንዷ ጠብታ ትቆጠራለች» የሚል ኮፍያ ይሰጠዋል። ይኸው መፈክር በማሠልጠኛው በር ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ከሥሩም አንድ ውሃ መርጫ ቀን ከሌሊት አስፋልቱን ያጠጣል። ሣሩ ሁለት እርምጃ ወዲያ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የውሃዋ ሴትዮ ልማድ ሆኖባት ጎንበስ አለችና የመርጫውን ራስ በሁለት ጣቷ ወደ ሣሩ መለሰችው። ጥበቃው እየሮጠ መጥቶ ወደ አስፋልቱ አዞረው። ኮንትራክተሩ እንዲያ አድርጎ ነው ያስረከበው፤ ከተነካ ዋስትናው ይፈርሳል አላት። ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ሰልጣኞች ሱሪያቸውን ሰብስበው እየዘለሉ ወደ መስኖ ስልጠናቸው ገቡ።

ሠላሳ አራት ናቸው። ቱቦ በእጃቸው ይዘው የሚያውቁት እሷን ጨምሮ ከአምስት አይበልጡም፤ የቀሩት የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ የቤት ደላላ፣ ከቢሮ በጡረታ የተሰናበተና ፈቃድ ካለ ሥራው ራሱ ይመጣል ብለው ያመኑ ብልሆች ናቸው። አንዱማ የመጣው ሚስቱን ወክሎ ነበር፤ ሚስቱም ቢሆን መስኖ አታውቅም። አሰልጣኙ ትሑት፣ ለስላሳ አነጋገር ያለው፣ ጥፍሩ ከተወለደ ጀምሮ ጭቃ አይቶ የማያውቅ ወጣት ነው። የመጀመሪያውን ቀን የመሥሪያ ቤቱን ራዕይና ተልዕኮ በማስረዳት ጨረሰው። ሁለተኛውን ቀን እስከ ምሳ «መስኖ ማለት ምን ማለት ነው?» በሚለው ላይ አዋለው፤ ስድስት ትርጉም አለው፤ ለፈተና የሚያስፈልገው አራተኛው ነው። ትናንት ከሰዓት ስለ ተዳፋት መሬት ሲያስረዳ ውሃው ሽቅብ እንዲሄድ አድርጎ ሳለውና የውሃዋ ሴትዮ እጇን አወጣች። ሥዕሉን ረጋ ብሎ ተመለከተ።

«በመርህ ደረጃ ልክ ነዎት፤ በፈተና ደረጃ ግን ይሳሳታሉ» አላት።

ጻፈችው። ዕድሜዋን ሙሉ ቆሻሻ ሲጠርግ በኖረ ጣት፣ ንጹህ ደብተር ላይ፣ ውሃ ሽቅብ ይሄዳል ብላ ጻፈች። ፈቃድ ያስፈልጋታል። ያለ ፈቃድ ከመጪው ወር ጀምሮ በገዛ ሥራዋ ላይ የምትቆመው ወንድሟ «እዚህ ጋ ቆፍሪ» ሲላት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የት እንደሚቆፈር አያውቅም።

ዛሬ አሰልጣኙ ፈተናው ከምሳ በኋላ ስለሆነ ተቻኩሏል፤ ስላይዶቹን እንደ ካርታ ጨዋታ እየገለበጠ ያሳልፋቸዋል። ስልሳ አንደኛው ላይ ሲደርስ «ይቺ ፈተና ላይ አትመጣም» አለና ጣቱን ለማለፍ አነሣ። ሥዕሉ ላይ አንድ በርሜል፣ ከበርሜሉ የወጣ ቱቦ፣ ወደ ኋላ የሚመለስ ቀይ ቀስት፣ በቀስቱ ጫፍ ደግሞ የመጠጥ ውሃ ብርጭቆ አለ።

«ቆይ» አለች የውሃዋ ሴትዮ። «ይህ ቀስት ለምን ተመለሰ?»

አሰልጣኙ ወረቀቱን አገላብጦ አነበበላት። ዋናው መስመር ላይ ግፊት ሲጠፋ በግቢው ቱቦ ያለው ነገር ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ከመጠጥ ውሃው ጋር ይቀላቀላል፤ ማዳበሪያም ይሁን መድኃኒት። ይህን ለመከላከል ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቼክ ቫልቭ ይገጠማል። «የዚህ ሁሉ ፈቃድ ምክንያት እንኳ በአመዛኙ እሱ ነው ይላል እዚህ» አለ፤ ራሱም የተገረመ መሰለ። «ግን እንዳልኩት አትመጣም።»

የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው አዛጋ። የውሃዋ ሴትዮ ዓይኗን ከብርጭቆው ላይ መንቀል አቃታት። የፈሳሽ ማዳበሪያ በርሜል ከመስመር ጋር ማገናኘት የሷ ጥበብ ነው፤ ደንበኞች የሚወዱላት ሥራ ነው። ባለፈው ወር አንድ የሕፃናት መዋያ ግቢ ውስጥ እንዲያ አድርጋለች፤ በርሜሉንም ከግንብ ላይ ከፍ አድርጋ አስቀምጣዋለች፤ ሥራው ስላማረ ፎቶ እንኳ አንሥታዋለች። ያው መስመር ግንቡን አልፎ ወደ ሕፃናቱ መጠጫ ቧንቧ ይሄዳል። ቫልቭ? ቫልቭ የሚባል ነገር በዚያ ግቢ የለም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ማንም ነግሯት አያውቅም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም። ሁሉን አውቃለሁ ብላ ስታበቃ ይህን አላወቀችም።

ይህን እያሰበች ሳለ የማሠልጠኛው መዝጋቢ በሩን ከፍታ ብቅ አለች። «ማስታወቂያ! ዋናው መስመር እየተጠገነ ስለሆነ ከአራት ሰዓት ጀምሮ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ባለው ሰፈር ውሃ ተቋርጧል። መጸዳጃ ቤት የምትሄዱ አስቡበት።»

መዋያው ሆስፒታሉ ጀርባ ነው። ሰዓቷን አየች፤ አራት ሰዓት ተኩል።

ኮሪደር ወጥታ ወደ መዋያው ደወለች፤ አይነሳም። ወንድሟ ጋ ደወለች።

«ቼክ ቫልቭ ምንድን ነው?» አለ ባለፈቃዱ።

«አንተ ይህንን ስልጠና ወስደሃል!»

«እሱ ፈተና ላይ አልመጣም። እትዬ፣ አትበጥብጪ። ምንም አይሆንም። ደግሞ እኛ ነን ያጠፋነው ብለሽ ራስሽ ልትናገሪ ነው? እነሱ በዓመት አራት ግቢ የሚሰጡን ደንበኛ ናቸው። ፈተናሽን ተፈተኚ።»

ስልኩን ዘጋችና ቦርሳዋን አነሣች። መዝጋቢዋ ጠረጴዛዋን እንደ ድንበር ጠባቂ ይዛ ቆመች። «አሁን ከወጡ ስልጠናዎ ይሰረዛል። ቀጣዩ ዙር ከሰባት ወር በኋላ ነው፤ ክፍያውም እንደ አዲስ ነው።»

«ሕፃናት ሊመረዙ ይችላሉ።»

መዝጋቢዋ ጨካኝ አይደለችም፤ መሳቢያዋን ከፍታ ፈለገችላት። «የሐኪም ወረቀት ካመጡ በሕመም ልይዝልዎ እችላለሁ።»

«የታመምኩት እኔ አይደለሁማ።»

«እንግዲያው ቅጽ የለንም» አለች፤ ከልቧ አዝና።

በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ የአሰልጣኙ ድምፅ ተሰማት፤ «ስልሳ ሁለት፣ የባለሙያ ሥነ ምግባር።» መርጫው የመጨረሻ ጠብታዎቹን አስፋልቱ ላይ ተፍቶ ቆመ። ኮንትራት ታክሲ ያዘች። ሾፌሩ ሦስት እጥፍ ጠራ፤ አልተከራከረችም። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሾፌሩ ራሱ ደንግጦ በመስታወቱ ደጋግሞ አያት።

የመዋያው በር ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል፤ ፈቃድ የሌለው የቴክኒክ ሠራተኛ መግባት ክልክል ነው። ጥበቃው ሰውዬ በደንብ ያውቃታል። በርሜሉን ግንብ ላይ ሲያወጡ አብሯት የተሸከመው እሱ ነው።

«ፈቃድ ይዘሻል እህቴ?»

«ፈቃድ የለኝም። ጥፋት ነው ያለኝ። አሳልፈኝ!»

ምን እንደገባው እግዜር ይወቅ፤ በሩን ለቀቀላት። ሮጠች። በሃምሳ ዓመቷ፣ በሥራ ጫማ፣ «እያንዳንዷ ጠብታ ትቆጠራለች» የሚል ኮፍያ አጥልቃ ሮጠች። ሕፃናቱ ለዕረፍት ወጥተው ከመጠጫው ቧንቧ ፊት ተሰልፈዋል፤ አስተማሪዋ «ውሃ እኮ የለም፣ ተመለሱ» እያለች ቧንቧውን ለማሳየት ከፈተችው። ቧንቧው አንጎራጎረ፣ አየር ተነፈሰ፤ ከዚያም ቀስ ብሎ ቀጭን ነገር መውረድ ጀመረ። አስተማሪዋ «ኧረ መጣ!» አለች ደስ ብሏት። ሰማያዊ ነበር፤ እንደ ሰማይ ሳይሆን እንደ ከረሜላ። ሕፃናቱ በእልልታ ተቀበሉት። ሰልፉ መጀመሪያ ላይ ያለችው ልጅ ኩባያዋን ሞላች፤ እንዳይደፋባት በሁለት እጇ ይዛ፣ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣ ወደ አፏ ወሰደችው።

የውሃዋ ሴትዮ ኩባያውን ከእጇ ነጠቀችው። ልጅቷ ጮኸች፣ አስተማሪዋ ጮኸች፣ ሠላሳ ሕፃን ተከትሎ ጮኸ። እሷ ቧንቧውን ዘጋች፤ ጀርባዋን አስደግፋበትም ቆመች። ኩባያውን ከንፈር አልነካውም። ደጋግማ ጠየቀች፤ ማንም አልጠጣም፤ የመጀመሪያዋ ልጅቷ ነበረች።

ዳይሬክተሯ መጣች። ሽክ ያለች፣ ነገርን በልክ የምትናገር ሴት ናት። የውሃዋ ሴትዮ ሳትለባብስ ነገረቻት፤ በርሜሉን፣ ቱቦውን፣ የሌለውን ቫልቭ፣ ሁሉንም። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች መጨረሻ ላይ። ዳይሬክተሯ ይህን ሰምታ ማድረግ የሚገባትን አደረገች፤ ከድርጅታቸው የውል ደብዳቤ ላይ የባለፈቃዱን ቁጥር አውጥታ ደወለች። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ወንድሟ ከተፍ አለ፤ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጫማው ያበራል፣ የኪስ ፈቃዱ፣ የዚያ ሳሎን የተሰቀለው ትንሽ ቅጂ፣ በእጁ ነው። እህቱን በዓይኑ እንኳ አላያትም።

«ምንም የሚያሰጋ ነገር የለም» አለ፤ የጠዋቷ የዜና አንባቢ ድምፅ ተመለሰች። «ይህ የቅድመ ጥንቃቄ ፍተሻ ነው፤ እኔው ነኝ ያዘዝኩት። ውሃው ፍጹም ጤነኛ ነው። እንደ ባለሙያ አረጋግጥልዎታለሁ።»

የውሃዋ ሴትዮ ከቧንቧው ጠርዝ ላይ ያስቀመጠችውን ኩባያ አነሣች፤ እንዲያው እንደሞላ ነው። ለወንድሟ አቀበለችው።

«ጠጣዋ።»

ተቀበላት፤ ሰው ፊት ነውና አለመቀበል አልቻለም። ኩባያው ትንሽ ነው፤ ጎኑ ላይ ዳክዬ ተስሎበታል። ወደ ውስጥ አየ። የሚያለቅሱት ሕፃናት እንኳ ትልቅ ሰው ሰማያዊ ነገር ሲጠጣ ለማየት ዝም አሉ። ወንድምና እህት ተያዩ። በልጅነታቸው አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ያደጉ፣ አሥር ዓመት አብረው የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ እንደዚያ ተያይተው ግን አያውቁም። ፊቱ ቀስ በቀስ ልጅ እየሆነ መጣ። ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠው፤ እንዳይደፋ ተጠንቅቆ።

«ከነገ ጀምሮ ሌላ ድርጅት እንፈልጋለን» አለች ዳይሬክተሯ።

«እኛ እኮ... ፈቃድ አለን» አለ ወንድሟ፤ ድምፁ ቀጥኗል።

«እሱ ነው ያስፈራኝ። የዛሬውን ግን ጨርሳችሁ ሂዱ፤ እሷ ይጠጣል ሳትል ማንም አይከፍተውም።»

ከዚያ የሥራ ሰዓት ሆነ። እሷ በርሜሉን ፈታች፣ ቱቦውን ደፈነች፣ መስመሩን ከቆጣሪው ጀምራ ለየች። ወንድሟ እጅጌውን ሰብስቦ የተፈታውን በርሜል ከጥበቃው ጋር አወረደ፤ ማዳበሪያው ሸሚዙ ላይ ፈሰሰና ሆዱን ሰማያዊ አደረገው። «ይቺን ወዴት ላዙራት?» አለ አንድ ጊዜ፤ ስለ ቧንቧ ሲጠይቃት በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። አሳየችው። ስድስት ሰዓት ላይ ውሃው ተመልሶ መጣ፤ እስከ ከሰዓት ድረስ አፈሰሱት፤ በየክፍሉ እየዞሩ፣ በነጭ ሳህን እያዩ፣ እያሸተቱ። ፈተናው በዚያ ሰዓት ተጀምሮ አልቋል። ሚስቱን ወክሎ የመጣው ሰልጣኝ፣ በኋላ እንደተሰማው፣ ሰማንያ ስምንት አምጥቷል።

ሥራው ሲያልቅ ግንቡ ሥር ተቀመጡ። እሷ ከቦርሳዋ ደብተሯን አውጥታ መጻፍ ጀመረች፤ የጥርስ ሐኪሙ ግቢ፣ የጡረተኛው ዳኛ፣ እንግዳ ማረፊያው፣ ሁለቱ መንታ ቪላዎች... ወንድሟ በትከሻዋ በኩል ሲያነብ ቆየና «እነዚህ ምንድን ናቸው?» አላት።

«በርሜል ያስቀመጥኩባቸው። አሥራ አንድ ናቸው።»

አሥራ አንድ ደንበኛ ማለት ድርጅታቸው ማለት ነው፤ የቀረው ጥቃቅኑ ነው። እሷ የመጀመሪያውን ቁጥር ደወለች። የጥርስ ሐኪሙ ሳያቋርጥ ሰማት፤ ከዚያ ፈቃድ አላት እንደሆነ ጠየቃት። የለኝም አለች። እንግዲያው ፈቃድ ያለው ሰው ይደውልልኝ፣ ለተራ ወሬ ጊዜ የለኝም ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

ወንድሟ እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገ፤ ሰማያዊው አልለቅ አለው። ከዚያ ስልኩን ከእጇ ወሰደና መልሶ ደወለ። ስሙን ተናገረ። የፈቃድ ቁጥሩን አነበበ። ውሃውን እንዳይጠጡ፣ ዋናውን ቧንቧ እንዲዘጉ ነገረው። ሐኪሙ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው አለ፤ ከስልኩ ውጪ ድረስ ይሰማል። ወንድሟ ወደ እህቱ ዞረ። አራት ጣት አሳየችው።

«አራት ዓመት» አለ።

ሐኪሙ ጥያቄውን ቀጠለ።

«የማን ጥፋት ነው?»

«የኛ ነው» አለ ወንድሟ። «የሷም የኔም።»

ሐኪሙ ጮኸ። አመለክታለሁ አለ፤ ከፍ ወዳለ ቦታ አመለክታለሁ፣ ፈቃድህን አስነጥቅሃለሁ፣ ቁጥሩን ድገምልኝ አለ። ወንድሟ የኪስ ፈቃዱን ወደ ብርሃን ጠጋ አደረገና ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበበለት፤ ቁጥር በቁጥር፣ ቀስ ብሎ፣ ሰውዬው ሳይሳሳት እንዲጽፈው።

«ጻፉት?» አለ። «አይ፣ መጨረሻው ሰባት ነው። አዎ። ሰባት።»